መኪናህ እናትህ ደጃፍ የደረሰችበት ክረምት

ታሪኩዬ፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ ብጀምር መልሱን የሚያመጣልኝ የለም፤ ስለዚህ ከእኛ ልጀምር። ደህና ነን። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። ዲላ እንደ ልማዷ ጠዋት በጭጋግ ትነሳለች፣ ከሰዓት ዝናቧን ታወርዳለች። ደጃፍ የተከልከው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ፤ ከእኛ ተርፎ ጎረቤቱ ሁሉ በፌስታል ወስዷል። ልጃችን ሜሮን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት ትጠብቃለች። በቁመት አልፋኛለች። ስትስቅ እንዳንተ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ ማን እንዳስተማራት እንጃ። እኔ ስፌቴ ላይ ነኝ። ዓይኔ ብርሃን እየፈለገ ስለመጣ ማሽኗን ወደ መስኮቱ አስጠግቻታለሁ።

ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት ዋናውን ወሬ ቶሎ ላለመጨረስ ነው። ዋናው ወሬ የመኪናህ ነው።

አንተ ከሄድክ በኋላ ሚኒባሷ ከአጥሩ ሥር ላስቲክ ለብሳ ከረመች። የጎረቤት ዶሮ በጎን በር ገብታ ከኋላ ወንበር ሥር እንቁላል ጥላ ኖሯል፤ ያወቅነው ጫጩቶቹ ሲጮኹ ነው። ወንድምህ በቀለ ገዢ ይዞ መጣ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ቆማ ከምትበሰብስ ለሜሮን ትምህርት ትሁን ብሎ ነው። እምቢ አልኩ። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ የምለው አጣሁ። ቆይቶ ደግሞ ሌላ ሰው ይዞ መጣ፣ አሁንም እምቢ አልኩ፣ አሁንም ምክንያት አልነበረኝም።

መጀመሪያ እናትህ ዘንድ የወሰድከኝ ቀን ትዝ ይልሃል? ፍስሐ ገነት ከተማ ወርደን ሻይ ጠጣን፤ ሬኮ ያለውን የቡና ማጠቢያ እስክናልፍ ድረስም መንገዱ ደህና ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ዳገት ግን ሌላ ነው። እጥፋቱ ላይ ያለው ምንጭ በጋ ከክረምት ቀዩን አፈር እንዳረጠበው ይኖራል። እዚያ ስንደርስ መኪናዋን አቁመህ ወደ ተሳፋሪው ዞርክና፣ ከበድ ከበድ ያላችሁ ወደ ኋላ ተጠጉልኝ አልክ። ሰዉ ለምዶታል፣ እየሳቀ ቦታ ተቀያየረ። እኔ አዲሷ ሙሽራ ከአንዲት ግዙፍ ነጋዴና ከቆጮ እስር ጋር የመጨረሻው ወንበር ላይ ተጨመቅኩ። ይቺ መኪና በኋላ ጎማዋ ብቻ ነው የምትገፋው፣ ኋላዋ ካልከበደ ጎማው ባዶውን ይዞራል ብለህ በመስታወቱ እያየኸኝ አስረዳኸኝ። ተንደርድረህ ወጣህ፤ ግማሽ ላይ ተንሸራተን ወረድን። እንደገና ተንደረደርክ፤ እንደገና ወረድን። በመጨረሻ ጫማዬን በእጄ ይዤ በእግሬ ወጣሁ። እናትህ የተቀበለችኝ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ነው።

«ና ልጄ፣ ግባ» አለችኝ። ደነገጥኩ። አማርኛዋ ወንድና ሴት እንደማይለይ ገና አላወቅኩም ነበር። አንተ ሳቅህ ሊያመልጥህ ደርሶ፣ በጌዴኦኛ «ና» ለሁሉም አንድ ነው፣ ለእሷ ሰው ሰው ነው አልከኝ። እስከ ዛሬም «ና» ነው የምትለኝ። ከሌላ ሰው ብሰማው የምቀየም ይመስለኛል፤ ከእሷ ሲመጣ ግን ወደድኩት።

ወደ ዲላ ስንመለስ፣ የፊት ጎማዋም ቢጎትት ኖሮ እናቴ ደጅ አቆማት ነበር አልክ። ይህችን ነገር በየክረምቱ ደጋገምካት። ጋራዥ በሄድክ ቁጥር ለመካኒኩ ለከድር ታነሳለታለህ፤ ከድር ደግሞ ጀምሬ መጨረሻዋን የማላውቃትን ሥራ አትስጠኝ እያለ ያሳልፍሃል።

የቀብርህ ቀንም ዘነበ። የወሰድንህ በራስህ መኪና ነበር፣ በቀለ እየነዳ። እጥፋቱ ላይ ስንደርስ ጎማው ባዶውን ዞረ። በቀለ ሞክሮ ሞክሮ ሞተሩን አጠፋና ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። የሰፈርህ ሰዎች ወርደው በትከሻቸው አወጡህ። እናትህ በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ያን ጊዜ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ መድረሳችንን የለየችው በሰዉ ድምፅ ነው። ሳጥኑን ከራስጌ እስከ ግርጌ በመዳፏ ዳሰሰችው።

ከዚያ በኋላ ወደ ቀበሌያቸው የመጣ የጤና ባለሙያ ዓይኗን አየላት። ሞራው በቀዶ ጥገና ይነሳል፣ እንደገና ታያለች፣ ዲላ ድረስ አምጧት ብቻ አለን። ማምጣቱ ነው የከበደው። ዳሌዋን ስለሚያማት ያንን ቁልቁለት በእግሯ አትሞክረውም። ሞተር ሳይክል ላይ አስቀመጥናት፤ ከአጥሩ ሳትወጣ አውርዱኝ አለች። የሰፈሩ ወጣቶች በቃሬዛ እናውርድሽ ብለው ለመኗት። ቃሬዛ ሲሏት ፊቷን አዞረች። ልጇ የመጣበትን ትከሻ ማን ይወዳል? በቀለ ከአንድ ነጋዴ ዳገት የሚወጣ ፒክአፕ ለምኖ አገኘላት። ይህን ጊዜ ነው የቆረጠችው።

«የሰው መኪና አልፈልግም» አለች። «በልጄ መኪና ነው የምወርደው። ደጄ ትምጣ፣ እወርዳለሁ።»

በቀለ ተናደደ፤ እሱ እኮ ሞቷል ሊላት ከንፈሩ ደርሶ መለሰው። እኔ አልተናደድኩም። ሚኒባሷን ያልሸጥኳት ለዚህ ነበር ብዬ ብነግርህ ውሸት ይሆናል፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምን አትሸጪም ሲሉኝ የምመልሰው አገኘሁ።

ዲላ እንደገባሁ ከድር ጋ ሄድኩ። ከድርን ታውቀዋለህ፤ እጁን እየጠራረገ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ሳይደብቅ ነገረኝ። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። አራቱም ጎማው የሚጎትት የተገለበጠ ፒክአፕ መገኘት አለበት፤ ከእሱ ላይ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን፣ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፈረንሻልና ዘንጎቹ ይነቀላሉ። እነሱን የእኛዋ ሥር ማስገባት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ሞተሯ ሾፌሩ ወንበር ሥር ስለሆነ የዘይት ገንዳዋ መንገድ ይዘጋል፣ አካሏም ከፍ ማለት አለበት።

«ካበላሸኋትስ?» አለኝ።

«ቆማም እየተበላሸች ነው» አልኩት።

በቀለ ሲሰማ ጋራዥ ድረስ መጣ። የወንድሜን መኪና ልትቆራርጧት ነው ወይ ብሎ ጮኸ፣ ከድር ላይ ሳይሆን እኔ ላይ። እኔም መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን መምጣት ተወ። ለገና እንኳን ቀረ። ሜሮን አጎቴ የት ሄደ እያለች ስትጠይቀኝ ሥራ በዝቶበት ነው እላት ነበር፤ እሷም እንዳላመነችኝ አውቃለሁ።

ከድር ሐዋሳ ወርዶ የተገለበጠ ፒክአፕ አገኘ። የኋላ ዲፈረንሻሉ ተሽጧል፣ የፊቱ ግን እንዳለ ነበር። እኔ ከሰዓት በኋላ መቀሴን አስቀምጬ ምሳውን ይዤለት መሄድ ለመድኩ። ስንት ዓመት የተሳፈርኩባትን መኪና ሥሯን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ብረቱን ሊቆርጥ እሳቱን ያቀጣጠለ ዕለት ግን አላስቻለኝም፣ ቆይ አልኩት። እኔ ጨርቅ ላይ መቀስ ከማሳረፌ በፊት በወረቀት እቆርጣለሁ፤ ቢበላሽ ወረቀት ነው። ከድር አየት አድርጎኝ ሳቀ። ሳቀ እንጂ ካርቶን አመጣ። አዲሶቹን ዕቃዎች የሚሸከሙትን ብረቶች ቅርፅ በካርቶን እየቆረጥን፣ ከሥሯ እየለካን፣ እየጣልን እንደገና እየቆረጥን ሰነበትን። በቂ ነው ስንባባል ነው ብረቱ የተቆረጠው። አንተ ብታየን ጋራዥ ነው ስፌት ቤት ብለህ ትቀልድብን ነበር።

እግረ መንገዴን መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አዎ፣ እኔ! አሥሬ አስተምርሻለሁ ብለኸኝ፣ አሥሬ ነገ ስልህ የኖርኩት። ማሠልጠኛው ውስጥ ሁሉም የሜሮን እኩዮች ነበሩ፤ ማዘር እያሉ ወንበር ይለቁልኛል። መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን ስለቅ መኪናዋ እንደ ፍየል ትዘል ነበር። አልፎ አልፎ አሁንም ትዘላለች።

ሥራው አለቀ የተባለ ዕለት ከድርና እኔ ልንሞክራት ወደ ጪጩ ወጣን። ቁመቷ ጨምሯል፤ ለመግባት እግር ማንሳት ያስፈልጋል። ከከተማ እስክንወጣ ደስታ በደስታ ነበርን። ከድር የፊቱን ጎማ የሚያስገባውን ዱላ ሳበና ትንሽ ፍጥነት ሲጨምር ግን መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጎማዎቹ አስፋልቱ ላይ አለቀሱ፤ ከዚያ ከሥራችን ጧ የሚል ድምፅ ወጣና ቆመች። የገበያ ቀን ስለነበር ሰዉ ከበበን። ከድር ከሥሯ ገብቶ ቆየና አቧራ ለብሶ ወጣ። የፊቱ ዘንግ መገጣጠሚያ ተሰብሯል። የፒክአፑ የፊትና የእኛዋ የኋላ ዲፈረንሻል ጥርሳቸው እኩል አልነበረም፤ ፊቱ ሊቀድም ሲል ኋላው ይይዘዋል፣ መሐል ያለው ተሰበረ። ከመግጠሜ በፊት ማየት ነበረብኝ አለ። የሚያስፈልገው የዚያው ፒክአፕ የኋላ ዲፈረንሻል ነበር፤ እሱ ደግሞ ለማን እንደተሸጠ የሚያውቅ የለም።

በገመድ ተጎትታ ወደ ዲላ ስትመለስ ከኋላዋ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ካንተ ቀብር ወዲህ እንደዚያ አላለቀስኩም። አንተ ያቆየሃትን እኔ አጠፋኋት ብዬ ነው። ሲሠራ የነበረው ነገር ተበላሽቶ፣ አዲሱም አልሠራ።

በቀለ በዚያው ሰሞን እናትህን ሊጠይቅ ወጥቶ ነበር። ስለ መኪናዋ መሰበር ዲላ ሳለ ሰምቷል፤ ልክ ነበርኩ ሊል ተዘጋጅቶ ይሆናል፣ እንጃ። እናትህ ግን ገና ሳይቀመጥ፣ መኪናዋ መቼ ነው የምትመጣው ብላ ጠየቀችው። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ደግማ ጠየቀችው። በኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ አትመጣም ማለት አቃተው፤ ትመጣለች ብሏት ወረደ። ከዚያ ማንንም ሳያማክር ሐዋሳ ሄደ። የዕቃ ሻጮቹን ግቢ ሲያዳርስ ሰንብቶ የኋላውን የገዛውን ሰው አገኘው። ሰውዬው ገና አልገጠመውም ነበር። ለእናትህ መሆኑን ሲሰማ ለቀቀለት።

እኔ ጋራዥ ደርሼ ነበር በባጃጅ ይዞት ሲመጣ። ከድርና እሱ ተጋግዘው አወረዱት። ሰላም እንኳን አላለኝም።

«ይኸው» አለ። «ግማሽ ላይ ከምትቀር።»

ሮጬ ሻይ አመጣሁላቸው። ለምን እንደቀረ አልጠየቅኩትም፣ ለምን እንደጮኸም አላነሳሁበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራው ሲወጣ ቱታ ለብሶ ከመኪናዋ ሥር ከከድር ጎን ይተኛ ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ ሰላም ሆነ። ከድር ከስብራቱ ሌላም ነገር ተምሯል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ እንደ ድሮዋ በኋላ ጎማዋ ብቻ ትሄዳለች፣ ጭቃ ሲመጣ ነው ዱላውን ስበን ፊቷን የምናስገባው። መንገድ ትራንስፖርት ስንወስዳት መርማሪው ከሥሯ ተኝቶ ብዙ ቆየ፤ ፍሬኗን አጠናክራችሁ ኑ ብሎ መለሰን፣ አጠናክረን ሄድን፣ ፈቀደልን። ከድር ለእናትህ ዳሌ ብሎ ዝቅ ያለ መርገጫ በየደልኝ። እኔ የወንበሮቹን ልብስ በአዲስ ሰፋሁ፣ አንተ በምትወደው ጥቁር አረንጓዴ።

የወጣን ቀን ክረምቱ ገና መግባቱ ነበር፤ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባርቷል። በቀለ ነዳ፣ እኔ ከጎኑ፣ ሜሮን ከኋላ። ሬኮን አልፈን ዳገቱ ሥር ስንደርስ ዱላውን ሳበ። ከዚያ የለመደውን አደረገ፤ እንዳንተ ተንደረደረ። እጥፋቱ ላይ ስንደርስ አራቱም ጎማ በአንድ ላይ ዞረና መኪናዋ ወደ ገደሉ በኩል ተንሸራተተች። ሜሮን ስሜን ጠርታ ጮኸች፤ እማዬ አላለችም፣ ስሜን። የመንገዱ ዳር ቦይ ያዘን። በቀለ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ወደ ገደሉ አየ።

እኔም እፈራለሁ፤ ግን ከድር ለእኔ የነገረኝ ሌላ ነው። በአንደኛ ማርሽ፣ እግርሽን አቅልለሽ፣ ጎማው እንዲዞር ሳይሆን እንዲቆነጥጥ ብሎኛል። እኔ ልሞክር አልኩ። በቀለ አየኝ፣ ወረደ፣ ዞሮ ገባ። የድሮ ልማድ አለመያዜ ያን ቀን ጠቀመኝ፤ ከማሠልጠኛው በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም። ቀስ ብዬ ለቀቅኳት። ትንሽ አመነታች። ከዚያ የፊት ጎማዎቿ ጭቃውን ሲነክሱ በመሪው በኩል መዳፌ ላይ ተሰማኝ፤ ከቦዩ ወጣች፣ ምንጩን አለፈች፣ እጥፋቱን ታጠፈች። ሰው በእግሩ ከሚሄደው አትፈጥንም ነበር። እንሰቱ መሐል ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ቀና እያሉ አዩን፤ አንዳንዶቹ አንተን በትከሻቸው ያወጡህ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። በቀለ በግራ እጁ ዓይኑን ይጠርግ ነበር፤ እኔ ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳሁም።

እናትህ በር ላይ ወጥታለች። የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ለይታዋለች። አጠገቧ አቆምኩና ሳላጠፋው ወረድኩ።

«መጣህ?» አለች።

ለእኔ ይሁን ላንተ አልጠየቅኳትም። «መጣሁ፣ እማማ» አልኩ። እጇን ዘረጋች፤ ያዝኩና የመኪናዋን በር አስነካኋት። መርገጫውን በእግሯ ፈልጋ አገኘችው። ሰው ደገፍ ሊያደርጋት ሲል ተዉኝ አለችና ራሷ ወጣች፣ ፊት ወንበር ላይ፣ ነጠላዋን አስተካክላ።

ዲላ ሆስፒታል ቀዶ ጥገናው በሰላም ተጠናቀቀ። ፋሻው የተነሳ ጠዋት ሁላችንም ነበርን። ብርሃኑ መጀመሪያ አስቸገራት። ከዚያ ሜሮንን አየች፣ ጉንጯን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረቻት። በቀለን አየች፣ ከስተሃል ብላ ተቆጣችው። ወደ እኔ ስትደርስ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አርጅተሃል» አለችኝ።

ነርሷ ግራ ገብቷት ስታየን እኛ መሳቅ ጀመርን። ማቆም አቃተን። እናትህም ምን እንዳሳቀን ሳይገባት ከእኛ ጋር ሳቀች። ታሪኩዬ፣ አንተ ከሄድክ በኋላ በዚህ ቤተሰብ እንደዚያ አልተሳቀም።

እኛ ጋ ትሰንብት ብለን ለመንናት። እንሰቴን ማን ያይልኛል ብላ እምቢ አለች። ስንመልሳት ቤቷ ሳትገባ አንተ ወዳለህበት ውሰዱኝ አለች። መቃብርህን በእጇ እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም። በዱላዋ ተደግፋ ዞረችው። ስምህ የተጻፈበትን በጣቷ ተከተለችው። እኔ ታለቅሳለች ብዬ መሐረቤን አውጥቼ ነበር።

«ይሄ ድንጋይ ዘሟል» አለች። «አቅኑት።»

እውነቷን ነው። ክረምቱ አፈሩን ሸርሽሮት ወደ ቁልቁለቱ አዘንብሏል፤ ስንት ጊዜ መጥተን ማናችንም አላስተዋልንም። በቀለ ከመኪናዋ ክሪኩን አመጣ። እሱ ከሥር እያነሳ፣ ሜሮንና እኔ ጠጠር እየከተትን፣ እናትህ ራቅ ብላ ቆማ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያለች አቀናነው። አሁን ቀጥ ብሏል። መኪናህን እየነዳሁ፣ ሬኮን አልፌ፣ የሰፈርህን ሰዎች በገበያ ቀን ማመላለስ ጀምሬያለሁ፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አይሃለሁ። እዚያ አፈሩ ለስላሳ ነው፣ ዝናቡም አያቆምም። በየክረምቱ መጥተን እናየዋለን። ከዘመመም እናቀናሃለን።

ያንተው ባለቤት